የአቦሸማኔ ግልገል በካርቶን ሲመጣልሽ

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ነሽ?

ምድብሽ ጅግጅጋ ሆኗልና ለሕክምና የሚያመጡልሽ ግመልና ፍየል ብቻ እንዳይመስልሽ። አንድ ቀን ካርቶን ውስጥ እንደ ወፍ ጫጩት የሚጮህ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ከዓይኑ ጥግ እስከ አፉ ጥቁር መስመር ከወረደ፣ ጀርባው ላይም ግራጫ ጎፈር ከቆመ፣ አቦሸማኔ ነው። በዓለም ላይ የቀረው 7,000 ገደማ ነው፤ የእኛ አካባቢው ዝርያ ደግሞ ለመጥፋት ከተቃረቡት ይቆጠራል።

«የት፣ መቼ አገኛችሁት?» ብለሽ ጀምሪ። እናቲቱ ለአደን የምትሄደው ግልገሎቿን ሣር ውስጥ ደብቃ ነው፤ «ተጥሎ አገኘነው» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ በዚያች ሰዓት የተነሣ ነው። የተነሣው ዛሬ ከሆነ፣ ቦታውን የሚያውቀውን ሰው ሳትለቂ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውዪ። ምናልባት መመለስ ይቻል ይሆናል።

ካልተቻለ፣ ከመመገብሽ በፊት አሙቂው። የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይፈጭም። ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ሲጠጋ ለብ ያለ ኦአርኤስ ስጪው፤ መዋጥ ካቃተው ግን በአፉ ምንም አይግባ፣ ፈሳሹ በቆዳው ሥር ይሰጠው። ቀጥሎ ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው፤ የላም ወተት ያስቀምጠዋል። ሲጠባ በሆዱ ይተኛ። እንደ ሕፃን ካንጋለልሽው ወተቱ ሳንባው ይገባል። ከሦስት ሳምንት በታች ከሆነ፣ እናቱ በምላሷ እንደምታደርገው መሽኛውንና መቀመጫውን በእርጥብ ጨርቅ አሻሺለት፤ አለዚያ አይሸናም። የግቢው ድመቶችም አጠገቡ አይድረሱ፣ በሽታቸው ይጨርሰዋል።

ሥጋ ሲጀምር ጉዳት የሚያደርሱበት ደግ ሰዎች ናቸው፤ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጡ ያጎርሱታል። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። ሰውነቱ ጉድለቱን ከገዛ አጥንቱ ይበደራል፤ የፊት እግሮቹ ይጎብጣሉ፣ በትንሽ ዝላይ ይሰበራሉ። ዶሮ ከነአጥንቷ ይብላ። በሶማሌላንድ ጠረፍና በየመን በኩል ለሽያጭ በድብቅ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሻገሩት ግልገሎችም የሚያልቁት በውኃ ጥምና በእንዲህ ያለ አመጋገብ ነው፤ ኤምሬትስ በ2016 እ.ኤ.አ. በግል ማሳደግን በሕግ ብትከለክልም ንግዱ አልቆመም። አደን የሚማረው እስከ 18 ወር ገደማ ከእናቱ ጋር ሆኖ ስለሆነ፣ ካንቺ እጅ የተረፈውም ቀሪ ዕድሜው በአጥር ውስጥ ነው።

ስለዚህ እኔን ከካርቶኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ «አቦሸማኔ በላት» የተባለችው ፍየል በድን ነው። ፍየሉ የተበላበት አርብቶ አደር ነው አንዳንዴ ጎሬውን ፈልጎ ግልገሎቹን የሚያነሣው። ሲጠሩሽ ሂጂና የፍየሏን ጉሮሮ ግፈፊ። ከቆዳው ሥር ደም ከቋጠረ በሕይወቷ ሳለች ተነክሳለች፤ ካልቋጠረ ቀድሞ የገደላት ሌላ ነገር ነው። አቦሸማኔ ጉሮሮ አንቆ ይገድላል እንጂ ትልልቅ አጥንት አያደቅም፤ አጥንቱ ከደቀቀ ጅብ በልቷል። በድኑ ተጎትቶ ከተደበቀ ነብርን ጠርጥሪ፤ ጭኗ ከዚህም ከዚያም ከተዘነጣጠለ ውሻን። አቦሸማኔ በአብዛኛው የሚያድነው በቀን ነውና ሌሊት ከበረት ለጠፋች ፍየል ሲከሰስ ክሱን ቶሎ አትቀበዪ።

ቢላሽን አስቀድመሽ ሳዪው፤ የደነዘ ቢላ ቆዳውን እየጎተተ ደም የቋጠረውን ቦታ ያበላሽብሻል።