በበረዶ ወራት አይስላንድ፣ መቆጠር ያለበት ብርሃኑ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ በአይስላንድ የበረዶ ወራት በአስጎብኚ ስለሚደረገው የፎቶግራፍ ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ቦታዎቹ የተባለው ትክክል ነው። የማልስማማው ጉዞዎቹን ባወዳደራችሁበት መለኪያ ነው። ብዙ ቦታ የሚያሳይ ጉዞ ይሻላል ብላችኋል፤ በዲሴምበር በስምንት ቀን አገሩን በሙሉ የሚያዞረውንም ከሁሉ አስበልጣችሁታል። በዚያ ወር፣ በዚያ አገር፣ ፎቶ አንሺ ገንዘቡን የሚያወጣው ለብርሃን ነው። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ሆኖ የሚያሳልፈው የብርሃን ሰዓት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዲሴምበር 21 ሬይክያቪክ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከረፋዱ 5፡20 ገደማ ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ ከቀኑ 9፡30 ላይ። አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ አጋማሽ ወደ አምስት ሰዓት ተኩል፣ በፌብሯሪ አጋማሽ ስምንት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። አገሩን የሚዞረው ቁጥር 1 አውራ ጎዳና 1,320 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ከሬይክያቪክ እስከ ዮኩልሳርሎን ሐይቅ ብቻ 370 ኪ.ሜ. ገደማ ሲሆን፣ በደረቅ መንገድም ሳይቆሙ አምስት ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ በረዶ ከለበሰና ነፋስ ካለ በዚያ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ይጨመራል። የዲሴምበር አንድ ቀን ከነሙሉ ብርሃኑ መኪና ውስጥ አለቀ ማለት ነው።

በእርግጥ ዲሴምበርም የራሱ ጸጋ አለው። ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ ሦስት ዲግሪ ስለማትሞላ፣ ሰማዩ ከጠራ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ ወርቃማና ጥላው ረጅም ነው፤ ንጋቱና ምሽቱም ቶሎ አያልፍም። ግን ዝቅ ያለች ፀሐይን በደቡብ በኩል ያለ ማንኛውም ተራራ ይጋርዳታል። አገሩን የሚያውቅ አስጎብኚ የትኛው ፏፏቴ በየትኛው ወር ጭራሽ ፀሐይ እንደማያገኝ ያውቃል፤ ከመመዝገብ በፊት ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

እኔ የምመርጠው ከፌብሯሪ መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ ያለውን ጊዜ ነው። ቀኑ ለሥራ ይበቃል፣ ሌሊቱ ለሰሜን ብርሃን (በሌሊት ሰማይ ላይ ለሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለአውሮራ) በቂ ጨለማ አለው፣ የበረዶ ግግር ዋሻዎቹም ገና አልሟሙም። በስምንት ቀን ውስጥ ሁለት አዳር በደቡብ ዳርቻ ባለችው ቪክ መንደር አካባቢ፣ ሦስት አዳር በዮኩልሳርሎንና በሆፍን ከተማ መካከል፣ የቀረው በስናይፌልስኔስ ልሳነ ምድር ቢሆን በቂ ነው። አንድ ቦታ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመለስ የሚያሰለች የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሆፍን አጠገብ ባለው ስቶክስኔስ ላይ የቬስትራሆርን ተራራ ማለዳ በደመና ተሸፍኖ ከሰዓት በኋላ ሊገለጥ ይችላል፤ አንድ ሰዓት ብቻ የመደበ ጉዞ ደመናውን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።

ነፋሱን ጽሑፋችሁ አላነሳውም፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በባሕሩ ዳርቻ ያለው ብርድ ራሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ የሬይክያቪክ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ፕሮግራም የሚያፈርሰው ነፋስ ነው። የአገሩ ሚቲዎሮሎጂ ቢሮ ትንበያውን በሰከንድ ሜትር ይሰጣል። 10 ሲሆን ትራይፖድ ይንቀጠቀጣል፣ 20 ሲሆን ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ይቸግረዋል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መንገዶች ይዘጋሉ። ማስጠንቀቂያው በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ይወጣል። ከመኪና ሲወርዱ በሩን በሁለት እጅ መያዝ ግድ ነው፤ ነፋስ ገንጥሎት ለሚደርስ ጉዳት ብዙ የኪራይ መድኖች አይከፍሉም። ትራይፖዱን ዝቅ አድርጎ፣ መካከለኛውን ዘንግ ሳያወጡ ማቆም ይሻላል። ቦርሳ ማንጠልጠል የሚረዳው መሬት ከነካ ብቻ ነው፤ በአየር ላይ ከተወዛወዘ ንዝረቱን ያብሰዋል።

መንገድ ሲዘጋ ምን ይደረጋል የሚለውን ከውሉ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ተጨማሪው አዳር በማን ወጪ ነው? ያመለጠው ዋሻ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ሌላ ቀን ይገባበታል? አዘጋጁስ ከአይስላንድ የቱሪዝም ቦርድ ፈቃድ አለው? ይህ በአገሩ ሕግ ግዴታ ነው፤ ከውጭ ተጓዥ ይዞ የሚመጣ የፎቶ አሠልጣኝም ፈቃድ ካለው አዘጋጅ ጋር ይሠራ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሌላም አለ። ሌሊት አውሮራ ሲያሳይ ያመሸው ሰው ማለዳ ራሱ የሚነዳ ከሆነ፣ ያ ጉዞ በእንቅልፍ የሚነዳ ጉዞ ነው። ሹፌርና የፎቶ አሠልጣኝ ሁለት ሰው መሆን አለባቸው፤ ተጓዡም ለአንድ አሠልጣኝ ከስድስት እስከ ስምንት ቢሆን ደግ ነው። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ መድን ሕክምናን እንጂ ካሜራን እንደማይሸፍንም ይታወቅ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከዮኩልሳርሎን የሚወጡት የግግር ስባሪዎች በአጭሩ ቦይ ወደ ባሕር ወርደው፣ ማዕበል መልሶ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይጥላቸዋል። ለፎቶ የሚመረጠው ብርሃን የሚያሳልፈው፣ ውስጡ ያልደፈረሰ ስባሪ ነው። ፀሐይዋ ከኋላው ስትሆን ከውስጥ የበራ ይመስላል። ካሜራው ከጉልበት በታች ይውረድ። ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከግማሽ ሰከንድ እስከ ሁለት ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 11 ይሁን፤ ፀሐይ ካለች ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ግን ያለ ፊልተርም ይሆናል። የፎቶ ማንሻውን የሚጫኑት ማዕበሉ ሲመጣ ሳይሆን መመለስ ሲጀምር ነው፤ በግግሩ ዙሪያ ነጭ መስመር የሚሠራው የሚመለሰው ውኃ ነውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚመለሰው ውኃ ከትራይፖዱ እግር ሥር ያለውን አሸዋ ይጠርጋል፤ እግሩ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሰምጥ ፎቶው ይደበዝዛል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው እግሮቹን አሸዋው ውስጥ በኃይል መትከል፣ ከእያንዳንዱ ማዕበል በኋላም እንደገና መጫን ነው። የታችኛው የእግር ክፍል ቀድሞ ይውጣ፤ ያኔ መቆለፊያው ከውኃውና ከአሸዋው በላይ ይቀራል። ማታ ትራይፖዱን ፈታትቶ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው፤ ጨውና አሸዋ ያደረበት መቆለፊያ በማግሥቱ አይዞርም። ሌንሱን ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ማየትና መጥረግ ያሻል፤ የደረቀ የጨው ጠብታ በደረቅ ጨርቅ ከታሸ መስታወቱን ይቧጭራል፣ ስለዚህ ቀድሞ በንጹሕ ውኃ ይርጠብ። ማዕበል የሚያንከባልለው ግግር እግር ይሰብራልና ከባሕሩና ከትልቅ ስባሪ መካከል አይቆምም።

ቪክ አጠገብ ያለው የሬይኒስፍያራ የባሕር ዳርቻ ከዚህም የከፋ ነው። ብዙ ትናንሽ ማዕበሎች ከመጡ በኋላ አንዱ ሳይታሰብ እስከ ገደሉ ሥር ይደርሳል፤ የባሕሩ ወለል ድንገት ስለሚጠልቅ የተወሰደ ሰው መውጣት ይቸግረዋል። ሰዎች ሞተውበታል። መግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ቆሟል፤ ቀይ ከሆነ ወደ አሸዋው አይወረድም፣ ፎቶው ከላይ ሆኖ በረጅም ሌንስ ይነሣል። ለባሕር ጀርባ ሰጥቶ ሜሞሪ ካርድ መቀየር ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ተጋላጭነት (ፎቶው ስለሚያገኘው የብርሃን መጠን) መለካት አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራ ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ነው የሚለካው። በበረዶ የተሸፈነ ሜዳ ላይ ያጨልማል፤ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) መጨመር ያስፈልጋል። ጥቁር አሸዋ ላይ ደግሞ በተቃራኒው አብዝቶ ያበራና የግግሩን ነጭ ያቃጥላል፤ እዚያ መቀነስ ነው። በጨለማ ስክሪኑ ከልክ በላይ ብሩህ ሆኖ ስለሚታይ ፍርዱ ለሂስቶግራሙ (የፎቶውን ብሩህና ጨለማ ክፍሎች መጠን ለሚያሳየው ግራፍ) ይተው።

ለአውሮራ፣ ኬፒ የሚባለውን የምድር መግነጢስ መናወጥ መለኪያ (ከ0 እስከ 9) ብቻ እያዩ መጨነቅ ልክ አይደለም። አይስላንድ የአውሮራው ቀለበት ከሚያርፍበት ሥር ስለሆነች 2 ወይም 3 ሲሆንም ይታያል። ወሳኙ ደመናው ነው፤ በሚቲዎሮሎጂ ቢሮው የደመና ካርታ ላይ አረንጓዴው ደመና፣ ነጩ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። አፐርቸር ኤፍ 2.8 ወይም ከዚያ የሰፋ፣ አይኤስኦ ከ1600 እስከ 3200 ይሁን። ብርሃኑ ቀስ ብሎ ሲሄድ ከ8 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል፤ ሲደንስ ግን ከ2 እስከ 5 ሰከንድ መውረድ አለበት፣ አለዚያ መጋረጃው ተደባልቆ አረንጓዴ ጭጋግ ይሆናል። ፎከሱ በእጅ፣ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ በቀጥታ በሚታየው ምስል) አንድ ደማቅ ኮከብ አጉልቶ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ይስተካከል፤ ከዚያ ቀለበቱ በፕላስተር ይታሰር። በስናይፌልስኔስ ያለውን የኪርክዩፌል ተራራ አጠገቡ ካለው ፏፏቴ በኩል የሚያነሳ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሚሆን ተራራውንና አውሮራውን አንድ ላይ ማግኘት ይችላል። ግማሽ ጨረቃ መልክዓ ምድሩን ስለምታበራ ጠላት አይደለችም።

የበረዶ ግግር ዋሻ የሚገባው በብርድ ወራት የሆነበት ምክንያት አለው። በእነዚህ ወራት ከግግሩ የሚቀልጠው ውኃ በእጅጉ ይቀንሳል፣ ጣሪያውም ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 በብሬይዳሜርኩርዮኩል ግግር ተደርምሶ አንድ ጎብኚ ሞቷል። የፎቶ አሠልጣኙ የቱንም ያህል ቢያውቅ የግግር አስጎብኚውን አይተካም፤ የራስ ቁርና የጫማ ጥርስ ሳይደረግም አይገባም። በዝናብ ቀን አስጎብኚው ሰርዣለሁ ካለ ሊመሰገን ይገባዋል። በቀትር ዋሻው በሰው ይሞላል፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ የሚያስገባ አዘጋጅ ይመረጥ።

ዕቃን በተመለከተ፣ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ሦስት ወይም አራት ተይዞ በውስጥ ኪስ ይቀመጥ። ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል ሲገባ ካሜራው ውጭ እያለ በሚታሸግ ፕላስቲክ ውስጥ ይግባና አንድ ሁለት ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ፤ እርጥበቱ ያኔ በፕላስቲኩ ላይ ያርፋል እንጂ ሌንሱ ውስጥ አይገባም። ሜሞሪ ካርዱ ግን ቀድሞ ይውጣ። ከውስጥ ጥጥ ሳይሆን ሱፍ፣ ከላይ ውኃና ነፋስ የማያስገባ፤ ለእጅ ቀጭን ጓንት ከወፍራም ሥር።

እንዲህ ያለ ጉዞ በሚቀጥለው ስታስተዋውቁ ከዋጋው ጎን እነዚህን እንድታትሙልን እጠይቃለሁ፦ በጉዞው ቀናት ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት፣ በየቀኑ የሚነዳው ኪሎ ሜትር፣ በአንድ አሠልጣኝ ስንት ተጓዥ እንዳለ፣ መንገድ ቢዘጋ ወጪው በማን ላይ እንደሚወድቅ። ያንን የዲሴምበር የስምንት ቀን ዙሪያ ጉዞም በዚሁ ሚዛን መልሳችሁ ብታዩትና ውጤቱን በዓምዳችሁ ብታወጡት፣ ለመመዝገብ የሚያስቡ አንባቢዎቻችሁ ገና ሳይከፍሉ ይደርስላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ