ለሰናይት፦ ስለ ጋቢውና ስለ ድራየርሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሰናይት፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አምስት ዓመት ጠፍቶ "እንደምን ከርመሻል" ማለት እንደማያምር አውቃለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር? እናትሽ እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ፣ አርባቸው ከወጣ ወዲያ ነው። ልደውል ስልኩን አነሳሁና "አሁን ምን ልላት ነው?" ብዬ አስቀመጥኩት። ወር ሲሞላ መዘግየቴ አሳፈረኝ፤ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ሰው በየትኛው በር ይገባል? ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፤ አንቺንም ያጽናሽ። ስልክ ላይ ብጀምረው አልጨርሰውም ነበርና ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ከታናሽ እህትሽ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። "ሰናይት እንዴት ናት?" አልኳት እየፈራሁ። "ደህና ናት፤ ልብስ ማድረቂያ ድራየሯ ተበላሽቶባት ቤቱን ሽሮ ሜዳ አስመስላዋለች" አለችኝ። ወንበሩ፣ የበሩ እጀታ፣ የደረጃው መደገፊያ ሳይቀር ልብስ ተሰጥቶበታል አለች። መጀመሪያ ልብሱ በሁለት ዙር፣ ከዚያ በሦስት ዙር ይደርቅ ነበር፤ አሁን በርሜሉ ይዞራል እንጂ ጨርሶ አይሞቅም። አንድ ባለሙያ መጥቶ አሥር ደቂቃ ሳይቆይ "አዲስ ግዢ" ብሎሽ ሄደ። እኔም መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ለቅሶ ላይ የሚባለውን ባላውቅበትም ስለ ድራየር የምለው ሞልቶኛል። ገና አዲስ አትግዢ።

እንዴት አወቅሽው ትይኛለሽ። ጥፋቱ የጋቢው ነው። እናትሽ "ብርድ አገር ነው የምትሄጅው" ብለው ቦሌ ልሸኝ ስል ትከሻዬ ላይ የጣሉልኝን ጋቢ አትረሺውም። ያንን ጋቢ ድራየር ውስጥ ከተትኩት። አትሳደቢ። አራት ድርብ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚመዝን ታውቂያለሽ፤ ከማጠቢያው ሳወጣው የታረደ በግ የተሸከምኩ መሰለኝ። በርሜሉ ጥቂት ዞረ፣ አጓራ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፤ ከዚያ ሞተሩ ብቻውን "እምምም" ማለት ጀመረ። በሩን ከፍቼ በርሜሉን በእጄ ብገፋው እንደ ሕፃን መጫወቻ ያለ ምንም ክብደት ተሽከረከረ። እዚህ ላይ ሁለቱ የአባቴ ጋራዥ ቅዳሜዎች ትዝ አሉኝ፤ አንዱ ካቻቢቴ የማቀብልበት፣ ሌላው "ሞተር ዞሮ ጎማ ካልዞረ ቺንጋውን እይ" የተባልኩበት።

እውነትም ቺንጋው ነበር። ድራየር ውስጥ በርሜሉን ዙሪያውን የሚያቅፍ ቀጭን ረጅም ቺንጋ አለ፤ ከታች በሞተሩ ፑሌጃና በአንዲት ወጣሪ ፑሌጃ በኩል ያልፋል። የእኔው ቀድሞ አርጅቶ ጠርዙ ተበልቷል፤ ጋቢው የመጨረሻውን ገፋው እንጂ ብቻውን አልገደለውም። አዲሱ ቺንጋ የአንድ ምሳ ዋጋ እንኳ አልሆነም። መግጠሙ ነው ልብ የሚያወልቅ። ጥርስ ያለው ገጽ ወደ በርሜሉ መዞር አለበት፣ ከዚያ ወለሉ ላይ በደረትሽ ተኝተሽ፣ ስልክሽን በጥርስሽ ነክሰሽ እያበራሽ፣ በማታይው ቦታ በአንድ እጅ ወጣሪዋን እየገፋሽ በሌላው ታስገቢያለሽ። ሰው "ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺው" ይላል፤ የተበጠሰ ቺንጋ ምኑ ይነሳል! ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከውስጡ ያገኘሁት አንድ የሕፃን ካልሲ፣ ሦስት የፀጉር መቆንጠጫ፣ አንድ የእኛው ባለ አንድ ብር ሳንቲምና ትራስ የሚሞላ ብናኝ ነው። ብናኙን ጠርጌ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ያ ብናኝ ምን እየነገረኝ እንደሆነ ግን አልሰማሁትም።

ወደ አንቺ ችግር የሚያደርሰን ይሄ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የእኔም በርሜሉ እየዞረ መሞቅ አቆመ። ቴስተር፣ ያን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ገዛሁ፣ የኋላውን ቆርቆሮ ፈታሁ፣ የሙቀት ፊውዙ መበጠሱን አገኘሁ። ይህች አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነገር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ብዙዎቹ ላይ 91 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ራሷን በጥሳ መስመሩን ትቆርጣለች፤ አንዴ ከተበጠሰች አትመለስም። ማሽን ከማሽን ይለያል፤ አንዳንዱ ላይ ሙቀቱ ብቻ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ማሽኑ ጨርሶ አይነሳም። አዲስ ቀየርኩ፣ ሞቀ፣ ለራሴ ቡና አፈላሁ። በሦስተኛው ሳምንት ተበጠሰች። ሌላ ገዛሁ። እሷም ተበጠሰች። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው ብዬ ሻጩን ረገምኩ።

ፊውዟ ግን ሟች እንጂ ገዳይ አልነበረችም። አንድ እሑድ ከቤቱ ውጭ ቆሜ የአየር መውጫውን ክዳን ባየው ማሽኑ እየሠራ እንኳ አይነቃነቅም። ክዳኑን ገልጬ እጄን ብከት ጭራሮ፣ ሳር፣ ላባ፤ የወፍ ጎጆ! ከጎጆው ጀርባ ቱቦው እስከ ወገቡ በብናኝ ታጭቋል፤ ግማሹ የዚያው ጋቢ ጥጥ ሳይሆን አይቀርም። ሙቁ አየር መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይከማቻል፣ ልብሱ እርጥበቱን የሚጥልበት ያጣል፣ ፊውዟ ቤቱ ከሚቃጠል እኔ ልሙት ትላለች። ቱቦውን ጠረግኩ፣ አራተኛዋን ፊውዝ ገጠምኩ፤ እስከ ዛሬ አለች። የአሜሪካ መንግሥት የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጆች ከ2008 እስከ 2010 ያለውን አጥንቶ በየዓመቱ ወደ 2,900 የሚሆን የመኖሪያ ቤት እሳት ከድራየር ይነሳል ብሏል፤ ቀዳሚው ምክንያት፣ 34 በመቶው፣ አለማጽዳት ነው። ይህን ያነበብኩት ሦስት ፊውዝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

እና ሰኒዬ፣ እህትሽ "በሁለት ዙር፣ ከዚያ በሦስት ዙር" ያለችኝ ነገር ነው ልቤን ወደ ቱቦው የወሰደው። በአንድ ቀን ድንገት የተበላሸ ማሽን አይደለም፤ ቀስ በቀስ የታፈነ ነው። የእናንተ ቤት ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ታውንሃውስ ነው ብላኛለች። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቱቦው ብዙ ጊዜ ግድግዳ ለግድግዳ ሄዶ ጣሪያ ላይ ነው የሚወጣው። የአሜሪካ የቤት ግንባታ ደንብ በመደበኛው ቱቦው ከ35 ጫማ እንዳይረዝም ይላል፤ በ90 ዲግሪ በታጠፈ ቁጥር አምስት ጫማ ይቀነሳል። ከማሽኑ ኋላ ያለው ቁራጭ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ፕላስቲክ ወይም ቀጭን ብርማ ወረቀት ከሆነ ዛሬውኑ ጣይው፤ እጥፋቱ ሁሉ ብናኝ ይይዛል፣ ማሽኑን ወደ ግድግዳ ስትገፊው ደግሞ ይጨፈለቃል። ጠንካራ ወይም ከፊል ጠንካራ የብረት ቱቦ፣ አራት ኢንች፣ ግዢ። ጣሪያ ላይ ግን እንዳትወጪ! ለዚያ ሰው ክፈይ።

ከዚያ በፊት ወደ ብሬከሩ፣ መስመሩን ወደሚያበራውና ወደሚያጠፋው ማብሪያ፣ ሂጂ። የኤሌክትሪክ ድራየር 240 ቮልት ነው የሚበላው፤ በሁለት 120 መስመር ይገባል። ሞተሩ ከአንዱ ብቻ ይጠጣል፣ ማሞቂያው ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ መስመር ከጠፋ በርሜሉ እየዞረ፣ መብራቱ እየበራ፣ ሙቀት የለም፤ ሰው ሁሉ "መብራትማ አለ" ብሎ ይሸወዳል። የድራየሩ ብሬከር ሁለት እጀታው የተያያዘ፣ ብዙውን ጊዜ 30 የተጻፈበት ነው። የበራ ቢመስልሽም እስከ መጨረሻው አጥፊና መልሰሽ አብሪው። እኔ ይህን ሳላውቅ ለአንዲት ጎረቤቴ ግማሽ ቀን ማሽን ፈትቼላታለሁ።

እህትሽ ያላወቀችልኝ ነገር ማሽንሽ በኤሌክትሪክ ይሁን በጋዝ ነው። ስፒናው ቡጢ የሚያክል ከሆነ ኤሌክትሪክ ነው፤ ስፒናው ተራ ሆኖ ከኋላ የጋዝ ቱቦ ካለው ጋዝ። ጋዝ ከሆነና መጀመሪያ ሞቆ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚቀዘቅዝ ከነበረ የጋዝ ቫልቩ ጥቅልሎች ናቸው የሚጠረጠሩት፤ ሲሞቁ ይደክማሉ። የጋዝ ሽታ ከሸተተሽ ምንም ሳትነኪ፣ መብራት እንኳ ሳታበሪና ሳታጠፊ፣ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና ከውጭ ሆነሽ ለጋዝ ድርጅቱ ደውዪ። ጋዝ ከሆነ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አልፈታውም።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ስፒናውን ንቀዪ። ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀዪው። ከዚያ የፊውዟን ሁለት ሽቦ ነቅለሽ ቴስተሩን አስነኪ፤ ከጮኸ ደህና ናት፣ ዝም ካለ ሞታለች። ኢንተርኔት ላይ ሁለቱን ሽቦ አገናኝተው "ሠራ!" የሚሉ ጀግኖች ታያለሽ። የመጨረሻዋን ዘበኛ አባርሮ እንቅልፍ መተኛት ነው፤ እንዳትሞክሪው። ፊውዟ ደህና ከሆነች ሬዚስታንሱን፣ የማሞቂያውን ሽቦ፣ ለኪ። መልኩን ስታዪው ትስቂያለሽ፤ የእናትሽ የኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ የነበረው ጥምዝምዝ ሽቦ ዘመድ ነው። ብዙዎቹ ላይ ወደ አሥር ኦም ያነባል፤ ከተበጠሰ ቴስተሩ ምንም አያነብም። አንዱን ጫፍና ዙሪያውን ያለውን ቆርቆሮ አስነክተሽም ሞክሪ፤ እዚያ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ሽቦው ቆርቆሮውን ነክቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን "ያለ ሙቀት" በሚለው ላይ እንኳ ሊሞቅ ይችላል። እትዬ አስካለ ምጣዳቸው ሲበጠስ ሽቦውን ጠቅልለው ይቀጥሉት ነበር፤ እዚህ አይሠራም፣ ሙሉውን ቀይሪ።

ማሽኑ ልብሱን እርጥብ አድርጎ ቶሎ "ጨርሻለሁ" የሚል ከሆነ ደግሞ በርሜሉ አፍ አካባቢ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአልኮል ጥረጊ። እርጥበት የሚለኩት እነሱ ናቸው፤ ልብስ ጋር የምንጨምረው ሽቶ ያለው ጨርቅ ስብ ያለብሳቸዋል። ያው ስብ የብናኝ ማጥለያውንም ይደፍናል፤ ውሃ አፍሺበት፣ ካላሳለፈ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ እጠቢው። እኔ ያንን ጨርቅ መግዛት ከተውኩ ቆየሁ።

ጋቢው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድራየር አይቶ አያውቅም፤ በሁለት ወንበር መካከል አሰጣዋለሁ፣ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ትንሽ አጥሯል፤ እግሬን ሲሸፍን ትከሻዬን ይለቃል። ጫፉ ላይ አሁንም የቺንጋው ጥቁር ምልክት አለ፣ በምንም አልለቅ አለኝ። ሌሊት ስነሳ እለብሰዋለሁ፤ ምን እንደምልሽ ሳስብ ያመሸሁትም እሱን ለብሼ ነው።

ቅዳሜ ሥራ የለኝም። በእናንተ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በእኛ አምስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። የአበሻ ሰዓት ነው፤ ግን በአበሻ ቀጠሮ አላደርገውም። ከመደወሌ በፊት ብሬከሩን አጥፍተሽ አብሪ፣ ስፒናውን እዪ፣ የውጭው ክዳን ከመሬት የሚታይ ከሆነም ማሽኑ ሲሠራ ይነሳ እንደሆን ተመልከቺ። ከዚያ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገሽ ማሽኑ አናት ላይ አስቀምጪውና አስነሺው። የሚያንኳኳ ከሆነ ተሸካሚ ጎማዎቹ ናቸው፤ የሚያፏጭ ከሆነ ወጣሪዋ ፑሌጃ ናት። መጀመሪያ ድምፁን ልስማው፤ ከዚያ ስፒከሩን አጥፊና ስለ እናትሽ ንገሪኝ።

እህትሽ ሙሉ