ከመፈረምህ በፊት ይህችን አንብብ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ካልጋሪ በረዶው ገና አልለቀቀም፤ አባትህ ወገቡ ተሽሎት ሥራ ገብቷል። የቀረውን ወሬ በስልክ እናወራዋለን። የበረዶ ሆኪ ውልህን ነገር ግን በጽሑፍ ማድረግ የመረጥኩት፣ አንተ ከልምምድ ደክመህ ስትወጣ በስልክ የምነግርህ ሁሉ በግማሽ ስለሚቀር ነው። ይኼኛው በግማሽ እንዲቀር አልፈልግም።

ወኪልህ የላካቸውን ሁለቱንም ወረቀቶች አነበብኳቸው። እኔ ቀኑን ሙሉ ደሞዝ ክፍል ተቀምጬ የማየው የሰው ደሞዝ፣ ተቀናሽና ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ነው፤ ስለዚህ ዐይኔ ከገንዘቡ በፊት ቀኑ ላይ ያርፋል። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርህ። የሁለት ዓመቱን ፈርም፤ የሦስት ዓመቱን ተወው።

አጎትህ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። "ሦስት ዓመት የተረጋገጠ ደሞዝ፣ ያውም ከሁለቱ የሚበልጥ፣ እንዴት ይገፋል?" አለኝ። አልፈረድኩበትም። እንደኛ አገር ለቆ የመጣ ሰው የታየውን እንጀራ አይገፋም። ግን እሱ የሚያስበው ስለ ማንኛውም ሠራተኛ ነው። አንተ በረኛ ነህ፤ የበረኛ ሒሳብ ደግሞ ሌላ ነው።

እስቲ ቦታውን ተመልከተው። በአንድ ጨዋታ 12 አጥቂና 6 ተከላካይ ይሰለፋል። አጥቂ ብትሆን ኖሮ ከአራተኛው መስመር፣ ከመጨረሻው የአጥቂዎች ቡድን፣ ጀምረህ በየጨዋታው አምስትም ስድስትም ደቂቃ እያገኘህ ትታያለህ። በረኛ ግን አንድ ይቆማል፣ አንድ ይቀመጣል። በላይኛው ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ 32 ክለብ አለ፤ ሁለት ሁለት ቢይዙ 64 ሰው ነው፣ በመላው ዓለም። ባለፈው ኅዳር ወደ ላይኛው ቡድን የጠሩህ ቀን ጨዋታውን በቴሌቪዥን ስከታተል፣ ካሜራው ወደ እናንተ ወንበር በዞረ ቁጥር ጥጉን ነበር የማየው። የክለቡን ኮፍያ አድርገህ፣ የራስ ቁርህን አጠገብህ አስቀምጠህ፣ ተጫዋቾቹ ሲቀያየሩ በሩን ትከፍትላቸው ነበር። ጎረቤቶቻችን "ልጃችሁ ደረሰ!" ብለው ደወሉ። እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። የዚያን ቀን ደሞዝህም የላይኛው ሊግ ደሞዝ ነበር። ጨዋታው ግን አልተቆጠረልህም።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ስለሆነ ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብ።

የመጀመሪያውን ውል የፈረምከው በ20 ዓመትህ ነው። በዚያ ዕድሜ የጀማሪ ውል ርዝመቱ ሦስት ዓመት ነው፣ ጣሪያውም የተቆረጠ ነው፤ የሚያከራክር ብዙ ነገር አልነበረውም። አሁን ያ ሲያልቅ መብትህ በክለቡ እጅ ይቆያል፤ እንደ ልብህ ወደ ሌላ ክለብ አትሄድም። ደሞዜን የግልግል ዳኛ ይወስንልኝ ብትል ደግሞ በ20 ዓመቱ የፈረመ ተጫዋች አራት የፕሮፌሽናል ዓመት ያስፈልገዋል፤ ያንተ ሦስት ነው። ስለዚህ ዛሬ በእጅህ ያለው አንድ ነገር የውሉ ርዝመት ብቻ ነው።

ታዲያ በሊጉና በተጫዋቾቹ ማኅበር ስምምነት ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ። 25 ዓመት የሞላው፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የፕሮፌሽናል ዓመት ያሳለፈ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ፣ በኤን ኤች ኤል የተጫወታቸው ጨዋታዎች ጥቂት ከሆኑ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይወጣል። ለሜዳ ተጫዋች ልኩ ከ80 ጨዋታ በታች ነው። ለበረኛ ከ28 በታች ነው፤ እሱም ቢያንስ 30 ደቂቃ ግቡ ላይ የቆመበት ብቻ ነው የሚቆጠረው። የሁለት ዓመቱ ውል የሚያልቀው 25 ሲሞላህ ነው። የሦስት ዓመቱ የሚያልቀው በ26። ክለቡ ለሦስተኛዋ ዓመት ገንዘብ ጨምሮ የሚለምንህ እሷን ዓመት ፈልጎ ነው። ሁለቱን ዓመት በሩን ሲያስከፍቱህ ከኖሩ 28 ጨዋታ ሳይሞላልህ በ25 ዓመትህ ትወጣለህ፣ ጥሩ ቦታ ራስህ ትመርጣለህ። ካጫወቱህ ደግሞ ስትፈልገው የነበረውን አገኘህ ማለት ነው፤ ያኔ የምትደራደረው ጨዋታ ይዘህ ነው። በሁለቱም በኩል አትጎዳም። ይህንን አንቀጽና ያንተን የልደት ቀን አያይዞ ወኪልህ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልህ ጠይቀው፤ በተለይ ከመስከረም 2026 ጀምሮ አዲስ ስምምነት ሥራ ላይ ስለሚውል። በቃል የተነገረ ነገር አይበቃኝም።

የካልጋሪውን በረኛ ደስቲን ቮልፍን አስብ። እዚሁ በክለቡ ሜዳ በሳድልዶም አብረን አይተነዋል። ክለቦች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት በ2019 ድራፍት ከ217 ተጫዋቾች 214ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው፤ ቁመቱ ለዘመኑ በረኛ አጭር ነው ተብሎ። ከዚያ በታችኛው ሊግ በኤ ኤች ኤል ሁለት ዓመት በተከታታይ ምርጥ በረኛ ተባለ፤ በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋችም ሆነ። ይህን ሁሉ አድርጎም ላይኛው ቡድን ውስጥ ቦታ አልነበረውም፣ ምክንያቱም ከፊቱ ያኮብ ማርክስትሮም ነበር፤ በስድስት ሚሊዮን ዶላር ደሞዝ፣ ልምድ ያለው ሰው። በሰኔ 2024 ማርክስትሮም ወደ ኒው ጀርሲ ተዛወረ። በዚያው ክረምት ቮልፍ የጀማሪ ውሉን ጨርሶ ነበርና ሁለተኛውን ፈረመ። ስንት ዓመት? ሁለት። በስንት? በዓመት 850 ሺህ ዶላር፤ በዚያ ሊግ ከዝቅተኛው ደሞዝ እምብዛም አይርቅም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው "ይህ ልጅ ራሱን አረከሰ" ያለ ይመስለኛል። እሱ ግን የሚያየው ግቡ ባዶ መሆኑን ነበር። በቀጣዩ ዓመት 29 ጨዋታ አሸነፈ፣ ለዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሽልማት ሁለተኛ ወጣ፤ በመስከረም 2025 የሰባት ዓመት የ52 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

አንተ ቮልፍ ትሆናለህ እያልኩህ አይደለም፤ ያንን እግዚአብሔር ያውቃል። የምልህ ከደሞዝህ ቁጥር በፊት ከፊትህ ያለውን ሰው ስምና የእሱ ውል የሚያልቅበትን ዓመት ተመልከት ነው። በረኛው አስካሮቭም ይህንኑ አይቷል። ናሽቪል በ2020 11ኛ አድርጎ የመረጠው ልጅ ነው፤ በሐምሌ 2024 ክለቡ ከዋና በረኛው ከዩሴ ሳሮስ ጋር የስምንት ዓመት ውል ሲፈርም ግን ለእሱ መንገዱ ተዘጋ። ዝውውር ጠየቀ፣ በነሐሴ ወደ ሳን ሆዜ ተዛወረ። በክለባችሁ ከፊትህ ያለው ትልቁ በረኛ ውሉ የሚያልቀው ያንተ ሁለተኛ ዓመት ሳያልቅ ነው። ይህን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን በወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠህ እየው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። የደሞዙ ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ በላይኛው ሊግ ስትሆን፣ ሌላው ታች ስትሆን የሚከፈልህ። በሁለት ዓመቱ ውል ላይ የመጀመሪያው ዓመት ሁለቱ ዓምዶች በጣም ይራራቃሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ቁጥሩ አንድ ነው፣ የትም ብትሆን ያው። ያችን ሁለተኛ መስመር ማንም እንዳይነካብህ። ደሞዙ የሚታሰበው በቀን ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ላይ ሲጠሩህ የዚያችን ቀን ብቻ ነው የምታገኘው። የላይኛው ሊግ ዝቅተኛ ደሞዝ በ2025/26 775 ሺህ ዶላር ነው፤ ውድድሩ ወደ 190 ቀን ገደማ ስለሚሄድ አንዲት ቀን ወደ አራት ሺህ ዶላር ትመጣለች። ከታችኛው ጋር ያለው ልዩነት ይህን ያህል ሲሆን፣ ክለብ በረኛን ለማውረድ የሚቸኩልበት ምክንያት ይገባሃል።

ከዚህ ጋር የሚገናኘው ዌቨርስ የምትሉት ነው። አሁን ክለቡ አንተን ያለ ማንም ጠያቂ ወደ ታች ማውረድ ይችላል። በ20 ዓመቱ የፈረመ በረኛ ይህ የሚቀርለት ከአራት ዓመት ወይም ከ80 ጨዋታ በኋላ ነው። ሦስቱ አልፈዋል፤ በሁለት ዓመቱ ውል የመጀመሪያው ዓመት አራተኛው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሊያወርዱህ ከፈለጉ መጀመሪያ ለሌሎቹ 31 ክለቦች ያቀርቡሃል፤ ከነሱ አንዱ ሊወስድህ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት ክለቡ ወይ ያምንብሃል፣ ወይ ሌላ ሰው ያገኝሃል።

አጎትህ "የተረጋገጠ" ስለሚላት ሦስተኛ ዓመትም አንድ ነገር ልጨምር። ክለብ ውል አፍርሶ ተጫዋችን ማሰናበት ይችላል። ተጫዋቹ 26 ዓመት ከሞላው ከቀረው ደሞዝ ሁለት ሦስተኛውን ይከፍለዋል። ከ26 በታች ከሆነ ግን አንድ ሦስተኛውን ብቻ። ወጣት ስለሆንክ ዋስትናህ ከሌላው ያነሰ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ አንቀጽ ያናድደኛል። ልጅን ርካሽ የሚያደርግ ሕግ ነው።

ደግሞ ገንዘቡ ራሱ ወደፊት እየጨመረ ነው የሚሄደው። በጥር 2025 ሊጉና ማኅበሩ አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በጠቅላላ የሚከፍለውን የደሞዝ ጣሪያ ለሦስት ዓመት አስቀድመው አሳውቀዋል፤ ለ2025/26 95 ነጥብ 5 ሚሊዮን፣ ቀጥሎ 104 ሚሊዮን፣ ከዚያ 113 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር። ጣሪያው እየወጣ ሳለ ዛሬ ረጅም ውል የሚፈርም ልጅ የነገን ድርሻውን በዛሬ ዋጋ ይሸጣል።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ፤ ድርድሩ ከርሮ ልብህን እንዳይጎዳው። በረኛው ጄረሚ ስዌይማን በ2023 ከክለቡ ከቦስተን ጋር በግልግል ዳኛ ፊት ቀረበ፤ የራሱ ክለብ ስለ ድክመቱ ሲዘረዝር ተቀምጦ ሰማ። ዳኛው 3 ነጥብ 475 ሚሊዮን ወሰነለት፣ እሱ ግን ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ መግባት እንደማይፈልግ በግልጽ ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ልምምዱን ሙሉ ቀርቶ፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት በጋዜጠኞች ፊት ስለ 64 ሚሊዮን እየተናገረ፣ ወኪሉም እንዲህ ያለ ቁጥር ቀርቦልን አያውቅም ብሎ እየመለሰ፣ በመጨረሻ ለክለቡ የመጀመሪያ ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው የስምንት ዓመት የ66 ሚሊዮን ውል ፈረመ። ገንዘቡን አገኘ። ያ ዓመት ግን ከጀመረ ጀምሮ ከተጫወታቸው ሁሉ ደካማው ሆነበት። ልምምድ መቅረቱ ብቻ ነው አልልም፤ በረኛ ግን ዐይኑና እግሩ ሳይሟሟቅ ገብቶ ሲቸገር አንተን አይቼ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በሰኔ ጨርሰው። ጥቂት ሺህ ዶላር ለማስጨመር መስከረም ድረስ አትጎተት።

የበረኛውን የስፔንሰር ናይትንም ነገር አትርሳ፤ እሱን ሳስብ እንደ እናት ሆዴ ይባባል። በ21 ዓመቱ ፍሎሪዳ የሦስት ዓመት የ13 ነጥብ 5 ሚሊዮን ውል ሰጠው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 2023፣ ሊጉና ማኅበሩ አብረው ወደሚያካሂዱት የተጫዋቾች ድጋፍ ፕሮግራም ገባ፤ በኋላ ራሱ ከአእምሮ ሕመም ጋር ሲታገል እንደነበረ ተናገረ። ተመልሶ ቀጣዩን ዓመት በታችኛው ሊግ በሻርሎት ተጫወተ፤ በመጋቢት 2025 ወደ ቺካጎ ተዛውሮ ዋና በረኛ ሆነ። ያ ልጅ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የፕሮግራሙ ስልክ ቁጥር በስልክህ ውስጥ ይግባ። ዕንቅልፍ እንቢ ያለህ ቀን ለአሰልጣኝ ማስረዳት አይጠበቅብህም፤ እኔንም ቢሆን በሌሊት ቀስቅሰኝ።

ስለ ተቀናሹ ብዙ አልልም፤ እሱን እኔ እሠራልሃለሁ። የወኪሉ ድርሻ፣ ግብርና ከእያንዳንዱ ክፍያ በመያዣነት የሚቀነሰው ገንዘብ ሲወጣ በጋዜጣ የሚጻፈው ቁጥር በግማሽ ያህል ይወርዳል። ለዘመድ ሁሉ የመጀመሪያውን ቁጥር አትንገር። ለአያትህ እኔ እንደ ወትሮው እልካለሁ፤ ያንተ እጅ እስኪጠና አንድም ሰው ካንተ እንዲጠብቅ አልፈልግም።

ሐሙስ ወኪልህ ሲደውል ሦስት ነገር ጠይቀው። በሁለተኛው ዓመት ደሞዙ በሁለቱም ዓምድ አንድ መሆኑ እንደጸና ነው ወይ? ክለቡ በዚህ ክረምት ሌላ ልምድ ያለው በረኛ ሊያመጣ ያስባል ወይ? ከታች በሳምንት ስንት ጨዋታ ሊያስጀምሩህ አስበዋል? ለሁለተኛው ጥያቄ "አላውቅም" ካለህ ዋና ሥራ አስኪያጁን ጠይቆ እንዲመለስ ንገረው፤ የምትከፍለው ለዚህ ነው።

ሐሙስ ከጨዋታ በኋላ ደውልልኝ፤ ነቅቼ እጠብቃለሁ። ወረቀቱ ተስተካክሎ ሲመጣም ከመፈረምህ በፊት የደሞዝ ሠንጠረዡን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ጉልበትህን በረዶ እያደረግህበት ነው?

የምትወድህ እናትህ