በቀድሞ ጠበቃ ላይ የቀረበ የካሣ ክስ እና የጥፋተኝነት ውሳኔው ዕጣ

ለዝግጅት ክፍሉ ዋና አዘጋጅ፣

በወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው «ለዚህ ያበቃኝ የጠበቃዬ ቸልተኝነት ነው» በማለት በቀድሞ ጠበቃው ላይ የካሣ ክስ ሲመሠርትና ፍርድ ቤቱም የጥፋተኝነት ውሳኔው በይግባኝ ወይም በሌላ አቤቱታ እስኪጣራ ድረስ ክሱ ቆሞ እንዲጠብቅ ሲያዝ፣ ነገሩ በአማርኛ መገናኛ ብዙኃን ዘንድ ብዙውን ጊዜ «ፍርድ ቤቱ ክሱን አገደ» በሚል አጭር ርዕስ ይቀርባል። አንባቢም ዳኛና ጠበቃ ተደጋግፈው ከሳሹን አፉን ያስያዙት አድርጎ ይረዳዋል። በካሊፎርኒያ ነዋሪ በመሆኔና እንዲህ ያሉ መዝገቦችን በቅርብ በመከታተሌ ጥቂት ማብራሪያ እንድሰጥ ይፈቀድልኝ። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ትእዛዝ በአግባቡ ከተሰጠ ከጠበቃው ይልቅ የሚጠቅመው ከሳሹን ነው።

የሀገራችን አንባቢ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2149፣ የወንጀል ችሎት ተከሳሹን በነፃ ማሰናበቱ የካሣውን ጉዳይ የሚያየውን ዳኛ እንደማያስገድደው ይደነግጋል፤ ስለዚህም ሁለቱ ጉዳዮች በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ የሚል ግንዛቤ ይዘን አድገናል። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ግን፣ ቢያንስ በዚህ ዓይነቱ ክስ፣ የካሣው ዕጣ ከወንጀሉ ውሳኔ ጋር የታሰረ ነው።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ዋይሊ በሳን ዲዬጎ ካውንቲ ላይ ባቀረበው ክስ፣ በወንጀል ተፈርዶበት የነበረ ከሳሽ የጠበቃውን ጉድለት ብቻ ሳይሆን በተከሰሰበት ድርጊት በእርግጥም እጁ እንደሌለበት ጭምር ማስረዳት አለበት ሲል ወሰነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ኮሺያ የተባለ ከሳሽ ማኬና ኤንድ ኩኒዮ በተባለው የሕግ ድርጅት ላይ ባቀረበው መዝገብ ደግሞ፣ የጥፋተኝነት ውሳኔው ሳይሻር ማንም በካሣ ክስ ንጹሕነቱን ሊያስረዳ አይችልም አለ። እዚህ ላይ የይርጋው ጉዳይ ይነሳል። የግዛቱ ሕግ በጠበቃ ላይ የሚቀርብ የሙያ ጥፋት ክስ፣ ጥፋቱ ከታወቀ ወይም መታወቅ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ1 ዓመት፣ አለዚያም ድርጊቱ ከተፈጸመ በ4 ዓመት ውስጥ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በሚደርሰው ጊዜ እንዲቀርብ ያስገድዳል። የጥፋተኝነት ውሳኔን ማሻር ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ተበዳዩ ቶሎ ቢከስ «ውሳኔህ ገና አልተሻረም» ተብሎ ይባረራል፤ እስኪሻርለት ቢጠብቅ ደግሞ «ይርጋ አልፎሃል» ይባላል፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱ በኮሺያ መዝገብ ያስቀመጠው መፍትሔ ከሳሹ ይርጋው ሳያልፍ ክሱን እንዲያቀርብ፣ ውሳኔውን ለማሻር በትጋት እየተከራከረ እስካለ ድረስም ዳኛው ክሱን ከመዝጋት ይልቅ አቁሞ እንዲያቆየው ነበር። ክሱ ባለበት የሚቆመው፣ እንግዲህ፣ ከሳሹ ቀኑ አልፎበት መብቱ እንዳይቀር ነው። በኋላ ሕግ አውጪው ራሱ ጣልቃ ገብቶ፣ ከ2010 መጀመሪያ አንስቶ፣ ንጹሕነቱን ማስረዳት የሚጠበቅበት ከሳሽ በመጨረሻ ፍርድ ነፃ ከወጣ በኋላ ክሱን የሚያቀርብበት 2 ዓመት እንዲኖረው አድርጓል። በኒው ዮርክም ከ2000 ወዲህ ይርጋው መቆጠር የሚጀምረው የወንጀሉ ክስ ሲዘጋ ነው። ሚሽገን በ1994 በተሰጠ ውሳኔ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ እዚያ ውሳኔው እስኪሻር መጠበቅ ግዴታ አይደለም፣ ይርጋውም አይጠብቅም፤ ስለዚህ በጊዜው ከስሶ ክሱ ይቁምልኝ ማለት ዛሬም አማራጭ የሌለው ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያም በ1997 የተወሰነው የጥፋተኝነት ፍርዱ ያልተሻረለት ሰው በጠበቃው ላይ ካሣ ሊጠይቅ እንደማይችል ነው። አንድ ሰው በሚኖርበት ግዛት የትኛው ደንብ እንደሚሠራ ሳያረጋግጥ በወሬ መመራቱ እጅግ አደገኛ ነው።

ከይርጋው ባሻገር ክሱን ማቆም ያለው ሌላ ጥቅም ብዙም ሲወራለት አልሰማሁም። በአሜሪካ ሕግ የጠበቃ ድክመትን ምክንያት አድርጎ የጥፋተኝነት ውሳኔን ለማሻር፣ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 በስትሪክላንድ መዝገብ ባስቀመጠው መለኪያ መሠረት፣ ጠበቃው ከሚጠበቅበት ደረጃ በታች መሥራቱንና ይህም ባይሆን ኖሮ ውጤቱ የተለየ ሊሆን ይችል እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋል። ለዚህ እጅግ ጠቃሚው ማስረጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዚያው የቀድሞ ጠበቃ ቃል ነው፦ «ምስክሩን ሳላነጋግር ቀረሁ፣ ሰነዱን ሳላነበው አለፍኩ» ብሎ በመሐላ የሚሰጠው ቃል። በሌላ በኩል በዚያው ሳምንት የገንዘብ ካሣ ተጠይቆ፣ የመድን ድርጅቱ ተከላካይ ቀጥሮለት «አንዳች ነገር እንዳታምን» የተባለ ጠበቃ እንዲህ ያለ ቃል በቀላሉ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የካሣው ክስ ከቆመ ቢያንስ በየቀኑ የሚቆሰቁሰው ነገር አይኖርም፤ ሙሉ በሙሉ ልቡን ያሳርፈዋል ግን አልልም።

ምስጢርም አለ። ደንበኛው ጠበቃውን በከሰሰ ጊዜ በሁለቱ መካከል የተነገረውና ከክሱ ጋር የሚያያዘው ሁሉ ከምስጢርነት ይወጣል፤ ከሳሹ ራሱም ቃለ መሐላ ፈጽሞ ስለ ድርጊቱ ይጠየቃል። የጥፋተኝነት ውሳኔው ተሽሮ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ቢባል፣ ያ ሁሉ ቃል በዓቃቤ ሕጉ ጠረጴዛ ላይ ሊገኝ ይችላል። የ9ኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2003፣ ውሳኔን ለማሻር በሚደረግ ክርክር የወጣ ምስጢር ለድጋሚው ችሎት እንዳይውል መገደብ እንደሚቻል ወስኗል። በተራ የካሣ ክርክር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ በራሱ አይመጣም። «ራሴን ላለመወንጀል ዝም እላለሁ» የሚል ከሳሽ ደግሞ የራሱን ክስ ማስረዳት ያቅተዋል።

ይህን ሁሉ ስል ማቆሙ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ዓመታት ሲያልፉ ምስክር ይረሳል፣ ይሞታል፤ የጠበቃው ቢሮ ተዘግቶ ፋይሉ ይጠፋል። ስለዚህ «ይቁም» ብሎ ብቻ መዝገቡን መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ እኔንም አያረካኝም። ጥሩ ትእዛዝ የጠበቃው ፋይልና የኤሌክትሮኒክ መልእክቶቹ ሳይነኩ እንዲጠበቁ ያዛል፣ ዕድሜው የገፋ ወይም የታመመ ምስክር ካለ ቃሉ ቀድሞ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፣ ከሳሹም የይግባኙን ሂደት በየጊዜው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ከሳሹ ችላ ካለ ደግሞ ማቆሙ ይነሳል።

ጉዳዩ ለስደተኛው ወገናችን የሚቀርብበት ሌላ በርም አለ። በ2010 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከ40 ዓመት በላይ በአሜሪካ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ የሆንዱራስ ተወላጅ ባቀረበው የፓዲያ መዝገብ፣ ጠበቃ ለደንበኛው ጥፋተኝነትን ማመን ከሀገር ሊያስባርር እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። ካሊፎርኒያም ከ2017 ጀምሮ ይህን ሳይረዳ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላም ቢሆን ውሳኔው እንዲሻርለት የሚጠይቅበት መንገድ ከፍታለች። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተሻረ ውሳኔ የመኖሪያ ፈቃድን ሊያድን ቢችልም፣ ሰውዬው ድርጊቱን አለመፈጸሙን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ቆሞ የነበረው የካሣ ክስ እንደገና ሲቀጥል እዚያው የንጹሕነት ጥያቄ ላይ ሊሰናከል ይችላል። ይህ ደንብ ለእኔ ጭካኔ የበዛበት ነው፤ ባልተነገረው ነገር ምክንያት ከልጆቹ ተለይቶ የተባረረን ሰው ጠበቃው ምንም አልበደለውም ማለት ይከብዳል። ደንቡ ግን እስካሁን አለ፣ ሰዎችም አውቀውት መግባት ይኖርባቸዋል። ጠበቃው ከሚገባው በላይ ክፍያ አስከፍሎኛል የሚል አቤቱታ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ በካሊፎርኒያ ይህን ለመጠየቅ ንጹሕነትን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የይግባኙን ውጤት እጠብቃለሁ ሲሉ ይርጋው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ነው።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው፣ እንዲህ ያለ ዜና ሲገጥማችሁ ክሱ እንዲቆም የጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ከሳሹ ወይስ ጠበቃው፣ እስከ የትኛው ውሳኔ ድረስ እንደቆመ፣ ፋይሉና ምስክሮቹ እንዲጠበቁ መታዘዝ አለመታዘዙን አብራችሁ እንድትዘግቡ ነው። ሦስቱም በትእዛዙ ላይ ተጽፈው ስለሚገኙ ከአንድ አንቀጽ በላይ ቦታ አይወስዱባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከካሊፎርኒያ