ኮድ ስትቀበሉ የፈቃዱን ጉዳይ ከመጀመሪያው ጨርሱት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ

ባህር ዳር ላይ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) የሚሰራ ወጣት በዝቷል፣ ፖሊ ግቢ ያሉትም ካፌ ላፕቶፕ ከፍተው የሚያመሹትም። በጣም ደስ ይላል፣ ግን ላይሰንስ ፋይሏን፣ ኮዱን ሰው እንዴት መጠቀም እንደሚችል የምትገልጸዋን፣ ይለጥፉና በቃ፣ ኮድ የላከው ሰው የመስጠት መብት አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት ተቀጣሪ በስራው የሰራው ነገር ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤቱ አሰሪው ነው፣ ሶፍትዌርም ጭምር። እኛጋ፣ እኔም የምሳተፍበት የአማርኛ ፊደል ግድፈት ማረሚያ ላይ፣ አንድ ጎበዝ ልጅ «የ» «በ» «ለ» «ስለ»ን ከቃሉ ላይ እየነቀለ ስሩን የሚያወጣውን ክፍል ጻፈልን፣ በጣም ነው የሚያምረው፣ በኋላ ግን መስሪያ ቤቱ በስራ ሰዓት የተሰራ ነው የኛ ነው አለ፣ አውጥተን ከዜሮ ጻፍነው። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቀድሞ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሊኑክስ የሚባለውን ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሰሩት ሰዎች ይሄን ድሮ አስበውበታል። ኤስሲኦ የሚባል ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ2003 ሊኑክስ ውስጥ ኮዴ ገብቷል ብሎ አይቢኤምን ከሰሰ፣ በዚህ የተነሳ በ2004 ዲሲኦ የምትባል አጭር ማረጋገጫ መጣች። ኮድ የሚልክ ሰው ኮሚቱ (የኮድ ለውጡ መዝገብ) ስር «ሳይንድ ኦፍ ባይ» ብሎ ስምና ኢሜሉን ያሰፍራል፣ ይሄን እኔ ጻፍኩት ወይም በዚህ ፈቃድ የመላክ መብት አለኝ ማለቱ ነው። ጊት በሚባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ላይ ኮሚት ስታደርጉ ሰረዝና ትንሿን ኤስ ፊደል (-s) ከጨመራችሁ መስመሯን ራሱ ይጽፋታል። ባለቤትነት ለማንም አያልፍም።

ሲኤልኤ የሚባለው፣ ኮድ የሚልክ ሰው ከፕሮጀክቱ ባለቤት ጋር የሚፈርመው ውል ሌላ ነው፣ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን የሚያስተዳድረው አፓቼ ፋውንዴሽንም ይጠቀምበታል፣ ጠቅልዬ አልቃወመውም። ግን ፈቃዱን የመቀየር ስልጣን ለአንድ ካምፓኒ የሚሰጥ ከሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ሃሺኮርፕ የሚባል ካምፓኒ በ2023 ቴራፎርም የሚባለውን የሰርቨር ማዘጋጃ ሶፍትዌሩን ከክፍት ፈቃድ ሲያወጣው አስተዋጽኦ ያደረጉት ሰዎች ማስቆም አልቻሉም፣ ያላቸው አማራጭ የድሮውን ኮድ ይዘው ኦፕንቶፉ የሚባል ሌላ ፕሮጀክት ብለው መለየት ነበር።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክት የምታማክሩ መምህራን እባካችሁ፣ ተማሪዎቹ የመጀመሪያዋን ኮሚት ከማድረጋቸው በፊት ይቺን የ«ሳይንድ ኦፍ ባይ» መስመር አስለምዷቸው፣ ስራ የያዙትንም ከአሰሪያቸው በጽሁፍ ፈቃድ እንዲያመጡ ጠይቋቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር