ለትንሿ ጀልባህ ሞተር ከመግዛትህ በፊት

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ መለዋወጥ ካቆምን ረጅም ዘመን ሆነን፤ ሥራውም፣ የቤቱም ጣጣ፣ ከቦታ ቦታ መዛወሩም ሁለታችንንም በየፊናችን ወሰደን። ፖስታው ሲደርሰኝ ግን ላኪውን ሳላነብ የእጅ ጽሑፍህን አወቅሁት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከሁሉም በላይ ጀልባዋን መግዛትህ አስደሰተኝ፤ በወጣትነታችን ማታ ማታ ስናወራው የነበረው ነገር ለአንዳችን እንኳ ተሳካ።

አሁን «የትኛውን ሞተር ልግዛ?» ወዳልከው ጥያቄህ ልግባ። የያዝከው ገንዘብ ትንሽ መሆኑን፣ ከዚህ በፊት ስሙን ሰምተኸው የማታውቅ ርካሽ አዲስ ሞተር ማየትህን ጽፈህልኛል። ምክሬ አጭር ነው፦ እሱን ተወው። በዚያው ገንዘብ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ፣ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ሞተር ፈልግ። ትንሽ ሞተር የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ዕቃ ነው። የውሃ ፓምፗ ጎማ (ኢምፔለር የሚሉት)፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡራተር ጓርኒሲዮን፣ የማስነሻው ገመድ ስፕሪንግ ከእጅ መዳፍ አይበልጡም። ዕቃው ከተገኘ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ካልተገኘ ግን ሞተሩ በሙሉ ብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዋጋውን ከመጠየቅህ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ይዘህ «የዚህ ኢምፔለር አላችሁ?» ብለህ ዕቃ ሻጮቹን ጠይቅ። መልሱ «የለም» ከሆነ ሌላ ሞተር ተመልከት።

ያማሃ፣ ሱዙኪ፣ ሆንዳ፣ ቶሃትሱ፣ መርኩሪ ለዚህ ያስተማምናሉ። በነገራችን ላይ በመርኩሪ ስም የሚሸጡ ብዙ ትናንሽ ሞተሮችን የሚሠራቸው ቶሃትሱ ስለሆነ የአንዱ ዕቃ ለሌላው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ኤቪንሩድ የሚባለው ሞተር መመረቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆሟል፤ ሆኖም እጅግ ብዙ ስለተሸጠ የድሮዎቹ መለዋወጫ አሁንም ይገኛል። መሥራቹ ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ያቀረበው ሞተር ጉልበቱ 1.5 ፈረስ ብቻ እንደነበር አትዘንጋ። በዚያ ጉልበት ሰዎች ከመቅዘፍ ተገላግለዋል።

ይህን ያነሳሁት ባለ 8 ወይም ባለ 10 ፈረስ ጉልበት ማሰብህን ስላነበብኩ ነው። የአንተ ጀልባ በውሃ ላይ ተንሸራትታ የምትበር ሳትሆን ውሃውን እየሰነጠቀች የምትሄድ ናት። እንዲህ ያለ ጀልባ ፍጥነቱን የሚወስነው ርዝመቱ ነው፤ 3.5 ሜትር ለሚሆን ጀልባ ጣሪያው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት ብትጨምር የጀልባዋ ኋላ ይሰምጣል፣ ቤንዚንህ ይቃጠላል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ከ2.5 እስከ 4 ፈረስ ይበቃሃል። ባለ 2.5ቱ ሙሉ ጉልበት ላይ እንኳ በሰዓት የሚፈጀው አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ በአንድ እጅ አንጠልጥለህም ትወስደዋለህ። ጀልባዋ ላይ ከፍተኛውን የሞተር ጉልበት የሚገልጽ ሳህን ካለም ከዚያ አትለፍ።

ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ ቁመትም ለካ። አጭር እግር የሚባለው ሞተር 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ሳንቃ ነው። ውሃ ውስጥ ከሚሽከረከረው ክንፍ፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባዋ ወለል እኩል፣ ወይም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ መገኘት አለባት። ከፍ ካለች ፕሮፔለሩ አየር እየማገ በባዶ ይጮሃል፤ በጣም ዝቅ ካለች ደግሞ እግሩ ውሃውን እየጎተተ ጉልበት ይበላል።

ባለ ሁለት ምት ይሻላል ወይስ ባለ አራት? ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት ባለ ሁለት ምቱ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ውስጡም ብዙ ዕቃ የለበትም፤ ነገር ግን ይጨሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ በአንዳንድ ሐይቆች ላይም ክልክል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትንሳፈፍበትን ውሃ ደንብ አጣራ። እኔ ብሆን ባለ አራት ምቱን እመርጥ ነበር። በአየር የሚቀዘቅዙትን ርካሽ ሞተሮች ግን አልመክርህም። የውሃ ፓምፕ ስለሌላቸው ጣጣቸው ያንሳል፤ ጩኸታቸው ግን ወንዙን በሙሉ ያስነሳል፣ አንተም ከጎንህ ካለው ሰው ጋር መነጋገር አትችልም።

እንግዲህ ሻጩ ዘንድ ሄድክ እንበል። ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው አስቀድመህ ንገረው፤ ስትደርስ በእጅህ ዳስሰው። ከሞቀ አንድ ነገር እየሸፈነልህ ሊሆን ይችላልና ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ሆኖ በሁለት ሦስት ጉተታ የሚነሳ ሞተር ካርቡራተሩም፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላውም አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ካንዴላውን ፍታና ጫፉን እይ፦ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደግ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶት ሲግል ኖሯል። ባለ ሁለት ምት ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ የግፊት መለኪያ ተበደርና ለካ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ትናንሾቹ ባለ አራት ምቶች ብዙዎቹ ለማስነሳት እንዲቀል ግፊቱን በራሳቸው ስለሚቀንሱ እዚያ ላይ መለኪያው ያሳስትሃል።

ከሁሉ የማስቀድመው ፍተሻ ግን ብዙ ገዢ የሚዘለው ነው። ከታች በማርሽ ሳጥኑ ጎን ሁለት ሰፋፊ ብሎኖች አሉ። የታችኛውን በሚገጥመው ካችቢቴ ቀስ ብለህ አላላውና ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀበል። የጠራ ወይም የጠቆረ ዘይት ከሆነ ችግር የለም። ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ ግን ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ጣትህ ላይ ስታሸው የሚሻክር የብረት ብናኝ ካገኘህ ደግሞ ማርሹ መበላት ጀምሯል፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተሰናብተህ ውጣ። ውሃው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በፕሮፔለሩ ዘንግ በኩል ነው። የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይጠመጠምና ዘይቱን ከውሃ የምትለየውን የጎማ ቀለበት ቀስ በቀስ ይቆርጣታል። አንተም ማስገር ስለምትወድ ይህ ይመለከትሃል፤ አልፎ አልፎ ፕሮፔለሩን አውልቀህ እይ። ቀለበቷ ብቻ ከሆነች ርካሽ ናት፤ ሥራውን ከዋጋው አስቀንሰህ ልትገዛው ትችላለህ።

ከዚያ በርሜል ውሃ ውስጥ አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያሠራልህ። ከኋላው ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። የመለያ ቁጥሩ ሳህን የተፋቀ ከሆነ ስለ ሞተሩ ጤና ሳትጨነቅ ጥለኸው ሂድ፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከገንዘብህም አንድ አምስተኛውን አስቀር። ማንኛውንም ያገለገለ ሞተር ስትገዛ ኢምፔለሩን፣ የማርሽ ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ ባለ አራት ምት ከሆነ የሞተር ዘይቱንም ወዲያው ቀይር።

ኢምፔለሩን ራስህ መቀየር ትችላለህ። እግሩን የያዙትን ብሎኖች ፈትተህ፣ የማርሽ መቀየሪያውን ዘንግ አላቅቀህ ወደ ታች ትስበዋለህ። ፓምፑ ዘንጉ ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። አዲሷን ጎማ በግራሶ ቀባና ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ እያዞርክ የፓምፑን ቤት ወደ ታች ተጫን፤ ክንፎቿ በትክክለኛው አቅጣጫ ታጥፈው ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ዓመቱ ቀይራት። ሞተሩን ያለ ውሃ ለአጭር ጊዜ እንኳ አታስነሳ፤ ደረቅ ስትሽከረከር በሰከንዶች ውስጥ ትላጣለች።

የማርሽ ዘይቱ ከ200 ሚሊ ሊትር አይዘልም። የምትሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ነው፤ ከላይኛው ሲፈስ ስታይ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ከዚያ የታችኛውን ዝጋ፤ የብሎኖቹን ቀለበቶችም በአዲስ ተካ። የሞተር ዘይቱም ብዙ አይደለም። በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ መቀየሩን ሰነፍ ሰው ብቻ ነው የሚተወው። ባለ ሁለት ምት ከገዛህ ደግሞ ቲሲ ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለውን የጀልባ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅል፤ የሞተር ሳይክሉ አይሆንም። አዳዲሶቹ 50 ለ 1 ናቸው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የድሮዎቹ ከዚህ የበለጠ ስለሚፈልጉ መመሪያውን አንብብ።

ትንሽ ሞተርን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ግን የቆየ ቤንዚን ነው፤ እባክህ ይህን ልብ በል። ቤንዚን ካርቡራተር ውስጥ ለወራት ሲቀመጥ ተንኖ ሙጫ ይሆናል፤ ኤታኖል ያለበት ከሆነ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። በካርቡራተሩ ውስጥ ለሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ዓይን በጭንቅ የሚያያት ናት፤ የምትደፈነውም መጀመሪያ እሷ ናት። ሞተሩ ይነሳል፣ ጉልበት ስትሰጠው ይሄዳል፣ ፍጥነት ስትቀንስለት ይጠፋል። ሰዎች ይህን ሲያዩ ካንዴላ ይቀያይራሉ። አንተ ግን ካርቡራተሩን ፍታና ቀዳዳይቱን በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ግፊት ክፈታት፤ ሽቦ ካስገባህባት ትሰፋለች። ከዚያ ይልቅ አስቀድሞ መጠንቀቁ ይሻላል፦ ለጥቂት ሳምንታት የማትወጣ ከሆነ የቤንዚን ቧንቧውን ዝጋና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ አሠራው፤ ለወራት ከሆነ የካርቡራተሩን ሳህን በታችኛዋ ብሎን አፍስስ። ከወጣህ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ቀስ ብሎ ከሞተብህ ደግሞ ሌላ ነገር ሳትነካ የታንኩን ክዳን መተንፈሻ ከፍተህ እንደሆነ ተመልከት።

በጨው ውሃ ከሄድክ ማታውኑ በንጹሕ ውሃ አጥበው። እግሩ ላይ የምትታየው ግራጫ ብረት ሌላው እንዳይበላ እሷ እንድትበላ የተደረገች ናትና ቀለም አትቀባት፤ ግማሿ ሲያልቅ ቀይራት። ስትሸከመውም ሆነ ስታስተኛው ጭንቅላቱ ከእግሩ ከፍ ይበል፤ ባለ አራት ምት ከሆነ ደግሞ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ራሱ ላይ ምልክት አለ።

ፕሮፔለሩን የምትይዘው ትንሽ ፒን ድንጋይ ሲመታ ተሰብራ ማርሹን እንድታድን የተሠራች ናት። ሁለት ሦስት መለዋወጫ ከፒንሳ ጋር ጀልባዋ ውስጥ ይኑርህ፤ በምስማር ግን አትተካት፤ ምስማሩ አልሰበር ሲል የሚሰበረው ማርሹ ነው። ሞተሩን ሳንቃው ላይ ከምታጠብቅባቸው ብሎኖች ሌላ በገመድ ከጀልባዋ ጋር እሰረው፤ ትንሽ ከሄድክ በኋላም ብሎኖቹን እንደገና አጥብቅ። ብትወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከእጅህ ወይም ከሰደርያህ ሳታስር አትንቀሳቀስ። መቅዘፊያዎቹን ቤት ጥለህ አትውጣ። ይህን የምልህ ስለምሳሳልህ ነው፤ ገና ተገናኝተን ብዙ የምንጫወተው አለን።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የሳንቃውን ቁመት፣ የሞተሩን የሞዴል ቁጥር፣ ወረቀት ላይ የተቀበልከውን ዘይት ፎቶግራፍ ላክልኝ። በዚያው ቀን አይቼ እመልስልሃለሁ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ዘወትር የምወድህ ወንድምህ