«ጠፍቷል» ሲሉሽ አትመኚ

ጎንደር፣ ግንቦት 3 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ከፋሲካ ወዲህ ተሽሎታል። በስልክ መነጋገር ስንችል ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ ስቆጣ ግን «እሺ አባዬ» ትዪና ወሬውን ወደ እናትሽ ታዞሪዋለሽ፤ ይህን ወረቀት ማዞር ስለማትችዪ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው እሑድ የአጎትሽ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛ ዘንድ ነበር። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ክፋት አስቦ ሳይሆን ሊያደንቅሽ ፈልጎ፣ ልምምድ ላይ ሊጠይቅሽ በመጣ ዕለት ያየውን አጫወተን። መብራት ሄዶ አዳራሹ ሲጨልም ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ወጥተው፣ አንቺ ብቻሽን ስልክሽን በጥርስሽ ነክሰሽ በእሱ ብርሃን መሰላል ጫፍ ላይ ሽቦ ትፈቺ እንደነበር ነገረን። «ማን አጠፋው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ መብራት እኮ ሄዶ ነበር፤ ጠፍቷል» አለኝ። እናትሽ ሳቀች። እኔ ስኒዬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ልጄ፣ «ጠፍቷል» የሚሉሽን ሰው አትመኚ። በቋንቋችን ይህች ቃል ሁለት ፊት አላት፤ ሰው አጥፍቶት የጠፋውንም፣ በራሱ ጊዜ ሄዶ በራሱ ጊዜ የሚመለሰውንም «ጠፍቷል» እንላለን። ለሻማ ልዩነት የለውም፤ ለኮረንቲ ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት አለው። የሄደ መብራት ሲመለስ በር አያንኳኳም። ስለዚህ ብሬከሩን በገዛ እጅሽ ሳታወርጂ፣ አውርደሽም ሽቦውን በቴስተር ሳትሞክሪ፣ ማንም ምንም ቢልሽ አትንኪ።

ይህን የምጽፈው ሥራሽን ዛሬም ስለምጠላው እንዳይመስልሽ። እንዲህ ብታስቢ ግን አልፈርድብሽም፤ ከባንኩ ሥራ ወጥተሽ ቴአትር ቤት በመብራት ረዳትነት ስትቀጠሪ ሦስት ወር ሙሉ በእናትሽ በኩል ብቻ ሰላም ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከዚያም በፊት የጣሳዎቹ ነገር አለ። አንቺ አንሥተሽው አታውቂም፣ እኔም አንሥቼው አላውቅም።

ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ከሥራ ስመለስ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የእናትሽን ነጠላ በገመድ ዘርግተሽ መጋረጃ አድርገሽዋል፤ ታናሽ ወንድምሽ የድስት ክዳን ታጥቆ አፄ ቴዎድሮስ ሆኗል፤ የሠፈሩ ልጆች መሬት ላይ ተደርድረው ያያሉ። ከላይ ሦስት የኒዶ ጣሳዎች ተሰቅለዋል፤ ቂጣቸውን በምስማር በስተሽ አምፖል አስገብተሽባቸው፣ አፋቸውን በቀይና በአረንጓዴ የከረሜላ ወረቀት ሸፍነሽዋል። ኮረንቲውን ከምጣዱ ሶኬት በቀጭን ሽቦ ስበሽ፣ መጋጠሚያውን ናስትሮ ብታጪ በቁስል ፕላስተር ጠቅልለሽዋል። ሽቦውን ነቀልሁና ጣሳዎቹን አንድ በአንድ በእግሬ ረግጬ ጨፈለቅኋቸው። «ይህ ሥራ አይደለም፤ እንጀራ አይሆንም» አልሁ። ልጆቹ ሮጡ። አንቺ አላለቀስሽም። የከረሜላ ወረቀቶቹን ከተጨፈለቀው ቆርቆሮ ውስጥ እየለቀምሽ፣ እጥፋታቸውን በጥፍርሽ እያቃናሽ በደብተርሽ መካከል ስታስቀምጪ ቆሜ አየሁሽ።

የፈራሁት የእንጀራውን ነገር አልነበረም። የወንድምሽ የክርስትና አባት ለምን እንደሚያነክስ ትንሽ ሳለሽ ጠይቀሽኝ፣ ከፈረስ ወድቆ ነው ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ።

ሁለታችንም በወጣትነታችን በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርን። እሱ ማሲንቆም ይሞክር ነበር፤ እኔ ግን ዘፈንም ጭፈራም አልሆነልኝም፤ ልቤ ከመብራቱ ጋር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ፒያሳ ሲኒማ ስገባ ሰው ሁሉ ሸራውን ሲያይ እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ከትንሿ መስኮት የሚወጣውን ብርሃን፣ በውስጡም የሚዋኘውን አቧራና የሲጋራ ጭስ አይ ነበር። መድረክ ላይ ቀይ ብርሃን ሲመጣ ሰው ለምን ዝም እንደሚል ማወቅ እፈልግ ነበር። በገዛነው ሳይሆን በሠራነው መብራት ነበር የምንሠራው፤ የዘይት ቆርቆሮ እየቆረጥን፣ ውስጡን በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት እያለበስን። እንግዲህ የአንቺን ጣሳዎች ባየሁ ጊዜ ያየሁት ምን እንደነበር ገምቺ።

የአብዮቱ 10ኛ ዓመት መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ሊከበር፣ እኛም ጳጉሜን ሙሉ ሌሊት ከቀን እንለማመድ ነበር። ዝናቡ አላባራም፤ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ምሽት መብራት በሄደበት ሰዓት ጓደኛዬ «ጨለማውን እንጠቀምበት» ብሎ የላላ ሽቦ ሊያጠብቅ መሰላል ወጣ። እኔ ማብሪያው ዘንድ ቆሜያለሁ። ከላይ ሆኖ «አጠፋኸው?» ሲል ጠየቀኝ። ቀና ብዬ ጨለማውን አየሁና «ጠፍቷል» አልሁት። ውሸት አልነበረም። እጄ ግን ማብሪያውን አልነካውም ነበር።

መብራቱ ሲመለስ አዳራሹ ባንድ ጊዜ ቦግ አለ፤ ልጆቹም መብራት ሲመጣ እንደሚደረገው ሁሉ አጨበጨቡ፣ ጮኹ። በዚያ ጭብጨባ መካከል ኮረንቲው ይዞ ሲያንቀጠቅጠውና ሲወረውረው ያየሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። በዳሌው ነው የወደቀው። እስከ ጥምቀት ድረስ አልጋ ላይ ነበር። ለጠየቀው ሁሉ «መሰላሉ አንሸራተተኝ» አለ፤ ለሚስቱም ሌላ የነገራት አይመስለኝም። እኔም ከዚያች ሌሊት በኋላ መድረክ ላይ አልወጣሁም። የቤት ሽቦ ስዘረጋ ዕድሜዬን ጨረስሁ፤ መጥፎ ሥራ ነው አልልም፣ አሳድጎሻል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ሥር ግማሽ ቀን ቆሜ፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የዘውድ 25ኛ ዓመት የተከፈተውን ያን ትልቅ አዳራሽ ውጭውን አይቼ ተመልሻለሁ። የመግቢያ ገንዘብ ነበረኝ። መጋረጃው ሲከፈት ወደ ላይ እንደማይ ስለማውቅ ነው ያልገባሁት።

ያንቺ ግን ከጣሳዎቹም በፊት የጀመረ ነው። ሰባት ዓመትሽ ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዤሽ ገብቼ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች አንጋጠሽ ስታዪ፣ አንድ ዲያቆን ከኋላችን በሩን ገፋ አደረገው። «አባዬ፣ በሩን ሲዘጉት መላእክቱ ተኙ» አልሽኝ። ሲከፈት ደግሞ «ነቁ» አልሽ። ዛሬ ከመብራት ሰሌዳው ፊት ተቀምጠሽ የምትሠሪው ይኸንኑ መሆኑን እናትሽ ስትነግረኝ፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ የተኛሁ መሰልሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። ለገና መጥተሽ ሳለ የለንደኑን ሳቮይ ቴአትር ታሪክ አጫውተሽኝ ነበር፤ በ1881 እ.ኤ.አ. በ1,200 ያህል አምፖሎች፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የሕዝብ ሕንፃ እንደሆነ፣ ባለቤቱም መድረክ ላይ ወጥቶ የበራ አምፖል በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰብሮ ጨርቁ አለመቃጠሉን ለተመልካቹ እንዳሳየ። አንቺ በሰውየው ብልሃት ስትስቂ እኔ ያልሳቅሁት ለዚህ ነው፤ ሰው የጋዝ መብራትን የሚፈራው ስለሚሸተው ነው፣ ኮረንቲ ግን አይሸትም፣ አይጮህም፣ ስለዚህ ይናቃል። ከ22 ዓመት በኋላ ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የመድረክ መብራት የወጣ ፍንጣሪ መጋረጃ ይዞ ከ600 በላይ ሰው እንዳለቀ የነገርሽኝም ራስሽ ነሽ። ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ምሽት አውርተሽ ስታበቂ፣ በጨለማ መሰላል ትወጫለሽ?

ሽቦ ላይ ደግሞ አትሰስቺ። አንድ ባለ 1,000 ዋት መብራት በእኛ 220 ቮልት አራት ተኩል አምፔር ያህል ይስባል። ሦስቱን ባለ 16 አምፔር መስመር ይችላቸዋል፤ አራተኛውን ስትጨምሪ ከ18 አምፔር ያልፋል። አዘጋጁ «ትንሽ ብርሃን ጨምሪልኝ» ባለሽ ቁጥር ወረቀት አውጥተሽ ደምሪ፤ የባንክ ቤት ትምህርትሽ እዚህ ይጥቀምሽ። ብሬከሩ እየዘለለ ካስቸገረሽ ብዙውን ጊዜ ተሸክሞ የማይችለውን ጭነሽበታል ማለት ነው፤ በትልቅ ብሬከር ቀይሪው የሚል አለቃ ቢመጣ፣ ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከር ማሳደግ ቤት ማቃጠል እንደሆነ በትሕትና ንገሪውና አትቀይሪ። የሃሎጂን አምፖል በባዶ እጅሽ አትያዢ፤ የጣት ወዝ የነካው መስታወት ሲግል በዚያው ቦታ ሊሰነጠቅ ይችላል። እያንዳንዱ መብራት ከዋናው መያዣው ሌላ የብረት ገመድ ይኑረው፤ ከሥሩ የሚቆመው የሰው ልጅ ነው። ሻሽሽን እሰሪው፣ የጸጉርሽን ጫፍም አታንጠልጥዪው። ደግሞም ቁርስ ሳትበዪ መሰላል አትውጪ።

«ሴት ልጅ መሰላል ላይ ምን ትሠራለች» የሚለው ወሬ እዚህም ደርሶናል። ጎረቤታችን፣ ታውቂያታለሽ፣ ለእናትሽ አዝና ነገረቻት። እናትሽ «ከመሰላሉ በታች ቆሞ ከሚያወራ ይሻላል» አለቻት ይባላል፤ እኔ አልነበርሁም እንጂ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ገና አዲስ ስለሆንሽ፣ ሴትም ስለሆንሽ፣ «ፈራች» እንዳይሉሽ ብለሽ ትደፍሪያለሽ። እኔም ያን ምሽት «ቆይ፣ ላጥፋውና ላረጋግጥ» ለማለት የሰነፍሁት ሁሉም ሰው ስለ ቸኮለ ነው። አንዲት ደቂቃ ነበረች። አንቺ ይህችን ደቂቃ ከማንም ተከራክረሽ ውሰጂ። ይሳቁብሽ፣ ተዋናዮቹም ይቆጡ። ጠፍቷል ቢሉሽ «ማን አጠፋው?» በዪ። «እኔ» የሚል ሰው ቢገኝ እንኳ ሄደሽ ራስሽ እዪው። አባትሽ «አጥፍቻለሁ» ቢልሽ እንኳ አትመኚኝ።

በአጎትሽ ልጅ እጅ የላክሁልሽን ተቀበዪው። ሽሮውና በርበሬው ከእናትሽ ነው፤ ድርቆሹን ግን ቶሎ ብዪው፣ ቤትሽ እርጥብ ነው ብለሽኛልና። ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ አለ፤ መልኩ አያምርም፣ ለመልኩ አልገዛሁትም። ቴስተሯ የራሴ ናት፤ ከመጠቀምሽ በፊት ሁልጊዜ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሪያት፤ የሞተ ቴስተር ከሌለ ቴስተር ይከፋል። በጨርቅ የተጠቀለለችው ትንሽ ጓጉንቸር ናት። ብሬከሩን ካወረድሽ በኋላ የሳጥኑን በር ቆልፊበትና ቁልፉን ከአንገትሽ ማተብ ጋር እሰሪው፤ አንቺ ከመሰላል ሳትወርጂ ማንም ሊያበራ እንዳይችል ነው። ስትሸጥ ሁለት ቁልፍ ነበራት፤ ሁለተኛውን እዚህ በመዶሻ ሰብሬዋለሁ።

የሰንበቴው ዕለት ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ለወንድምሽ የክርስትና አባት ነገርሁት፤ ጣሳዎቹንም፣ ስለ ፈረሱ የዋሸሁሽንም። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ቀዩን በምን ነበር የሠራችው?» ብሎ ጠየቀኝ። በከረሜላ ወረቀት ስለው እስኪያስለው ሳቀ። ለአዲሱ ቴአትራችሁ አብሬህ ልምጣ ብሏልና ሁለት ወንበር ያዢልን። መደቡ ከታች ይሁን፤ እሱ ደረጃ አይወጣም።

አባትሽ